ቀስት የሌለው መልስ

መምህር ሰይድ ማረፋቸውን የነገረችኝ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ናት፤ በስልክ፣ ረፋድ ላይ። የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና እያረምሁ ነበር። «እሺ» አልኋት። ለቅሶ ጠብቃ ኖሮ፣ «ሰማሽኝ ወይ? አረፉ እኮ ነው የምልሽ» አለች። «ሰምቻለሁ፤ እሺ» አልኋት ደግሜ። ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ መሆኑን ነግራኝ ዘጋችው። እኔም ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቼ የቀረኝን ወረቀት ማረሜን ቀጠልሁ። አንዱ ልጅ ቁጥሩን በትክክል አውጥቶ አቅጣጫውን የሚያሳየውን ቀስት ሳይሥል ትቶታል። ዜሮ ሰጠሁት። እንዲህ ማረምን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ሹም አቦ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድሁ። ወንዶቹ ከቀብር እስኪመለሱ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥሁ። ዙሪያዬን ሁሉም ያለቅሳል። እኔ የምንጣፉን ጫፍ ክር ጣቴ ላይ ስጠቀልል፣ መልሼ ስፈታ ዋልሁ። አንዲት ጎረቤታቸው «ዘመድ ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ድሮ ተማሪያቸው እንደነበርሁ፣ አሁን ደግሞ አብሬያቸው እንደማስተምር ነገርኋት። «በይ አልቅሽው፤ ቢያንስ ይወጣልሻል» አለችኝ። እንቢ ብዬ አይደለም። አልመጣም። ደንዝዤ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

የሚያናድደኝ ነገር ግን አልጠፋም። የተቀመጠው ሰው ሁሉ «ዝምተኛ ነበሩ፣ ትሑት ነበሩ፣ ሰው አስቀይመው አያውቁም» ይላል። ስለሌላ ሟች የሚያወሩ መሰለኝ። መምህር ሰይድ ዝምተኛ አልነበሩም። ቁጡ ነበሩ። በመምህራን ክፍል ዳማ ሲጫወቱ መሸነፋቸው የታወቀ እንደሆነ ቆርኪውን በትነው «ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባች፤ እንደገና!» የሚሉ ሰው ነበሩ። የስኳር በሽታ እያለባቸው ሻያቸው ላይ በማንኪያ ስኳር ይቆልሉና፣ ስንቆጣቸው «ይቺ የሐኪሙ ድርሻ ናት» ብለው ያማስላሉ። ተማሪ ያስቀይማሉ፤ ርእሰ መምህር ያስቀይማሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ረስተውት ያስቀየሙትን ሰው ስለ ልጆቹ ደኅንነት ይጠይቁታል። ሰው በሞተ ማግስት መልአክ የምናደርገው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። እሳቸውን እንደነበሩ ብናስቀራቸው ይበቃቸው ነበር።

ረጅምና ከሲታ ናቸው። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። ሰሌዳ የሚጠርጉት በዳስተር ሳይሆን በመዳፋቸው ስለሆነ ቀኝ እጃቸው ሁልጊዜ በጠመኔ እንደነጣ ነው፤ ሰው ሲያገኙም መዳፋቸውን ወደ ኋላ አጥፈው የእጃቸውን አንጓ ይዘረጋሉ። እኛም አንጓቸውን ጨብጠን ሰላም እንል ነበር። አባታቸው ወረታ ላይ ሩዝና ጨርቅ የሚነግዱ ስመ ጥር ነጋዴ ነበሩ። ወንድሞቻቸው ሱቁን ሲወርሱ እሳቸው ፊዚክስ ተምረው መጡ። አባታቸው «ሚዛን ትቶ ጠመኔ የያዘ ልጅ አለኝ» እያሉ እንግዳ ፊት ያሾፉባቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ይነግሩናል።

ተማሪያቸው ሆኜ ከማልረሳቸው ትምህርቶች አንዱ በብዙ የኤሌክትሪክ ቻርጆች መሐል ባለች አንዲት ነጥብ ላይ ያለውን ኔት ፊልድ፣ የሁሉንም ግፊትና ስበት ድምር፣ ማውጣት ነው። ሰሌዳው ላይ እዚህም እዚያም ክብ ክብ ይሥላሉ፤ ግማሹ ላይ የመደመር ምልክት፣ ግማሹ ላይ የመቀነስ። ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ አንዲት ነጥብ በጠመኔ ጠቅ ያደርጋሉ።

«እዚህች ላይ ቁሙ» ይሉናል። «ትንሽ ፖዘቲቭ ቻርጅ ናችሁ እንበል። ፖዘቲቩ ይገፋችኋል፣ ኔጌቲቩ ይስባችኋል። የቅርቡ በኃይል፣ የሩቁ በቀስታ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሁሉም ደግሞ ባንድ ጊዜ ነው የሚሠሩት። በሉ፣ ወዴት ትሄዳላችሁ?»

ሁላችንም ባንድ ጊዜ እንንጫጫለን።

«ዝም በሉ! ሁሉን ባንዴ ያየ ምንም አላየም። አንዱን ብቻ እዩ፤ የቀሩትን በመዳፋችሁ ሸፍኑ። የእሱን ቀስት ሣሉ። ከዚያ እሱን ሸፍናችሁ ወደሚቀጥለው። ቻርጅ ማለት ጎረቤቱ መኖሩን አያውቅም፤ የራሱን ብቻ ነው የሚሠራው። ድምሩን የሚያውቀው ነጥቧ ላይ የቆመው ነው።»

ቀስቶቹ ካለቁ በኋላ እያንዳንዱን በአግድምና በቁም እንከፍለዋለን፤ አግድሙን ከአግድም፣ ቁሙን ከቁም ደምረን በመጨረሻ ሁለቱን እናገናኛለን። ነገሩ ይኸው ነው። ግን አንድ ቀን ሁለት ቻርጆች ሰጥተውኝ አንዱ ወደ ምሥራቅ ሦስት፣ ሌላው ወደ ሰሜን አራት ሲገፋ ድምሩን ጠየቁኝ። «ሰባት» አልሁ በኩራት።

«የገበያ ድምር!» ብለው ጮኹብኝ። «ስሚ አንቺ፣ እኔ የሱቅ ልጅ ነኝ፤ በድምር አትምጪብኝ። ሦስት ኪሎ ሩዝና አራት ኪሎ ሩዝ ሰባት ነው። ሩዝ አቅጣጫ የለውም። ይኸ ግን አለው። አምስት ነው!»

«ሁለቱስ የት ገባ ቲቸር?»

«አቅጣጫ በላው። ሄደሽ አቅጣጫን ጠይቂው።»

ክፍሉ ሳቀብኝ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የክፍል ጓደኞቼ «ሰባት» ብለው ሲጠሩኝ ኖሩ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ካሬ ሣሉ። አራቱ ማዕዘን ላይ እኩል የሆኑ አራት ፖዘቲቭ ቻርጆች አስቀመጡና መሐሉ ላይ ያለውን ፊልድ ጠየቁን። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወጥታ ሠራችውና ዜሮ አገኘች። ትክክል ነው። ከሥሩ ግን «እዚህ ቦታ ምንም የለም» ብላ ጻፈች። መምህር ሰይድ ጽሑፉን በመዳፋቸው ድምጥማጡን አጠፉት።

«አራት ሰው ካራት ማዕዘን እየገፋሽ ምንም የለም ትያለሽ? ሁሉም አለ! እኩል ስለገፉሽ ነው መነቃነቅ ያቃተሽ። ዜሮ ሲወጣልሽ ማን ማን እንደገፋሽ ጻፊ እንጂ ባዶ ነው አትበይ። አንዱን ማዕዘን አንሥቼ ላሳይሽ?» ብለው አንዱን ክብ አጠፉት። ነጥቧ ወዲያውኑ ቀስት አወጣች፤ ወደጠፋው ማዕዘን የሚያመለክት።

ያን ቀን ምንጣፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ እንባ ሲያቅተኝ ይህ ትዝ አለኝ። ኀዘኑ አለ። በሚያወሩት ሰዎች ላይ ያለኝ ንዴት አለ። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ስለያዝሁላቸው ምሥጢር የሚሰማኝ ፍርሃት አለ። ከዚህ ሁሉ የተገላገልሁ ያህል የሚሰማኝ ነገርም አለ፤ እሱን ደግሞ አፍሬበታለሁ። ሁሉም እኩል ሆኑና ቀጥ አድርገው ያዙኝ።

እሳቸው አሥራ ሁለተኛ፣ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል እያስተማርን አብረን ስንሠራ አንድ ጊዜ ተማሪዎቻቸውን ይዘን ጣና ዳር ወርደን ነበር። አንድ ዓሣ አስጋሪ ለምነው ከደንገል የተሠራች ታንኳ ተዋሱ። ሦስት ገመድ አሰሩባትና ልጆቹን ሦስት ቦታ መደቧቸው፤ አንዱን ቡድን ድንጋዩ ላይ፣ አንዱን ሾላው ሥር፣ ሦስተኛውን ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው። «ይቺ ታንኳ ያቺ ትንሿ ቻርጅ ናት። ሳቡ!» አሉ። ልጆቹ ፊዚክሱን ረስተው የገመድ ጉተታ ጨዋታ አደረጉት። ጩኸቱ ሌላ ነው። ዓሣ አስጋሪው ከኋላ ሆኖ፣ «ኧረ ልጆች! ታንኳ ነው የሰጠኋችሁ፣ የዕርድ በሬ መሰላችሁ እንዴ!» ይላል። ታንኳዋ ተንገዳግዳ፣ ተንገዳግዳ በቡድኖቹ መሐል አልፋ ማንም ያልቆመበት ደንገል ውስጥ ገብታ ተቀረቀረች።

«ማን አሸነፈ?» አሉ መምህር ሰይድ።

«እኛ!» ይላሉ ሦስቱም።

«እናንተ ጋ መጣች?»

ማኅሌት የምትባል ቀጭን ልጅ፣ ከውሃው ውስጥ ቀሚሷን ሰብስባ እንደቆመች፣ «ሁላችንም ወደራሳችን ሳብናት፤ እሷ ግን ማናችንም ጋ አልመጣችም» አለች። መምህር ሰይድ ደስታቸው ወሰን አጣ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ውሃው ውስጥ ገብተው አንጓቸውን ዘረጉላት። ሲመለሱ በእርጥብ ጫማ እየተንሻፈፉ እስከ ትምህርት ቤት ድረስ ስለዚያች ልጅ አወሩልኝ።

ዓይናቸው መድከም የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያ የሣሉት ክብ ላይ ደግመው ክብ ሲሥሉ በመስኮት አየሁ። ከዚያ የመምህራን ክፍል ውስጥ የእኔን ሻይ አንሥተው ጠጡ፤ ያለ ስኳር መሆኑን ሲቀምሱ ነው የነቁት። ሰው ሲወጣልን ጠየቅኋቸው። አልካዱኝም።

«ጎንደር ድረስ ሄጄ ታይቻለሁ» አሉ። «ስኳሩ ዓይንህን ከኋላ በልቶታል አለኝ ሐኪሙ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውም እየሄደ ነው።»

«ታዲያ ለርእሰ መምህሩ ይንገሩ እንጂ መምህር። ያግዙዎታል።»

«ምን ብለው? ከክፍል አውጥተው ቢሮ ያስቀምጡኛል። እዚያ ቁጭ ብዬ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ላዳምጥ ነው?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እነዚህ ልጆች ትምህርት ሲቋረጥ፣ ሲከፈት፣ ሲቋረጥ ነው እዚህ የደረሱት። ፈተና አፋፍ ላይ መምህር ልቀይርባቸው? እስከ ፈተና ላድርሳቸው። በማግስቱ እኔው ራሴ ርእሰ መምህሩ ጋ ገብቼ እነግራቸዋለሁ፤ ወላሂ። እስከዚያ አንቺ አፍሽን ያዥልኝ።»

ያዝሁላቸው። ከዚያ ጀምሮ የተማሪዎቻቸውን ወረቀት እኔ አነብላቸዋለሁ፤ የሚያርሙት እሳቸው ናቸው። ቁጥሩን በቃሌ እነግራቸዋለሁ። ቀስቱ ጋ ስንደርስ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋሉ፤ እኔም ተማሪው እንደሣለው አድርጌ በጣቴ መዳፋቸው ላይ እሥልላቸዋለሁ። «ጠማማ ነው፤ አሳንሶታል፤ ግን ገብቶታል፤ ስጪው» ይላሉ። ቀስት የሌለው ወረቀት ስናገኝ መዳፋቸውን እንደዘረጉ ትንሽ ይጠብቁና፣ «የለም?» ይላሉ። «የለም» እላለሁ። «ዜሮ።» ዓይናቸው ቢደክምም ነጥብ ላይ ያላቸው ንፉግነት እንዳለ ነበር።

ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚዘልቁት ግን አልገባኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በር ላይ ሳልፍ ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው። «ይኸኛው ወዴት ይገፋል? ወዴት?» ይላሉ፤ ክፍሉ ባንድ ድምፅ ይመልሳል። አንዴ ብቻ ብጥብጥ ተነሥቶ ነበር። የሆነ ሰው ሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታችና ከግራ ወደ ቀኝ በምላጭ ጥልቅ ጭረት ጭሮበት ተገኘ። ምክትል ርእሰ መምህሩ ክፍሉን ሁሉ አሰልፈው «የመንግሥት ንብረት ያበላሸው ማነው?» ሲሉ አንድም የተነፈሰ የለም። መምህር ሰይድም ሊቆጡ እጃቸውን እያወናጨፉ መጡና ጣታቸው ጭረቱ ላይ አረፈ። በቁም ተከተሉት፣ በአግድም ተከተሉት፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ቆሙ። «ተዉአቸው፤ ይጠቅመናል» አሉ ለምክትሉ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ ተቆፍሯል። ከሹም አቦ እስከ ፋሲሎ ሰፈር ድረስ የእግረኛ መንገዱ ዳር ለዳር ለውሃ መውረጃ ቦይ ተከፍቶ፣ መክደኛው ሳይጋደምበት ክረምት ሊደርስ ነው። ዓይን ያለውም እየተጠነቀቀ ነው የሚሄደው። መምህር ሰይድ ግን ገበያውን አልፈው፣ ሁለት አስፋልት ተሻግረው ጠዋት ጠዋት በሰላም ይደርሱ ነበር። ሀብታሙ የሚባል ተማሪያቸው ሁልጊዜ በአጋጣሚ መንገድ ላይ ያገኛቸዋል። «ቲቸር፣ እኔም በዚሁ ነኝ» እያለ በቦዩ በኩል ሆኖ አብሯቸው ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ቡድን መልእክት ተላለፈ፤ ነገ መንገድ ስለሚዘጋ ትምህርት የለም የሚል። እንዲህ ያለ መልእክት ለምደነዋል። አንብበን «እሺ» ብለን እቤታችን ተቀመጥን። መምህር ሰይድ ጽሑፍ ማንበብ እንደማይችሉ የማውቀው እኔም ከቤታቸው አንዱ ያነብላቸዋል ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ፣ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ፣ ባጃጅ የሚባል በሌለበት ጎዳና ብቻቸውን ወጡ። ቦይ ውስጥ ወደቁ። ጭንቅላታቸውን ነበር የተመቱት። ሆስፒታል ሄጄ አንጓቸውን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አንድም ጊዜ አልነቁም። ሳምንት ሳይሞላ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ስገባ ተማሪዎቻቸው መጥተው ነበር። ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። የፈተናው ቀን ቀርቧል። ማንም ግን ስለ ፈተና አያወራም። ሀብታሙ መሬት መሬት እያየ ቆይቶ ድንገት፣ «እኔ ነኝ የገደልኋቸው» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» አልሁት።

«ጠዋት ጠዋት የምወስዳቸው እኔ ነበርሁ። ዓይናቸው እንደማያይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ትምህርት የለም ሲባል ሄጄ መናገር ነበረብኝ።»

ማኅሌት ካጠገቡ ቀና አለች። «አንተ ብቻ?» አለችው። «እኔ አይደለሁ እንዴ ጥያቄውን ሁሉ ጮክ ብዬ የማነብላቸው? አልገባኝም፣ አልገባኝም እያልሁ ቻርጁ የት የት እንዳለ የማስጠራው ለማን መሰለህ? እኔ ነበርሁ መደወል የነበረብኝ።»

«እኔ ደደብ ሆነሽ መስሎኝ ነበር» አለ ሀብታሙ በቅንነት።

ጥግ ላይ የተቀመጠች ራህመት የምትባል ልጅ ሻርፗን አፏ ላይ እንደያዘች፣ «ሰሌዳውን የጫርሁት እኔ ነኝ» አለች። «በጣታቸው ዳብሰው መሐሉን እንዲያገኙት ብዬ። ቤታችን እኮ ከዚህ ሁለት ግቢ አልፎ ነው። ብቅ ብል ኖሮ...»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ የሌላውን አያውቅም ነበር። እያንዳንዳቸው ዓመቱን ሙሉ ምሥጢሩን ለብቻቸው የተሸከሙ መስሏቸው ኖረዋል፤ እኔም እንደዚያው። አሁን ደግሞ ጥፋቱን ለብቻቸው ሊሸከሙ ሲሻሙ ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ። አንድ ሽማግሌ «ተዉ እንጂ ልጆች፣ የሰው ለቅሶ ቤት ነው» ብለው ገሠጿቸው።

ይሄኔ የመምህር ሰይድ ባለቤት እትዬ ዘይነብ ከጓዳ ወጡ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያጽናናቸው «አልሐምዱ ሊላህ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም ነበር።

«ምንድን ነው ጭቅጭቁ?» አሉ።

«እትዬ፣ መልእክቱን የነገርናቸው የለም» አለ ሀብታሙ። «ትምህርት ያለ መስሏቸው ነው የወጡት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ማነው አልሰማም ያለህ?» እትዬ ዘይነብ ፊት ለፊቱ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። «እኔ አይደለሁ እንዴ ያነበብሁለት? መልእክቱ በመጣ ሰዓት፣ እዚሁ ቁጭ ብሎ። ነገ የለም አልሁት፤ እሺ አለኝ። ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ አየሁትና፣ አንተ ሰውዬ፣ የለም አላልሁህም? አልሁት። አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው የምወጣው አለኝ። ዛሬ መንገዱ ባዶ ነው፤ ባጃጅ የለ፣ ልጆቹ የሉ። ብቻዬን ልሞክረው አለኝ።»

«አንተን ሀብታሙን ያውቅሃል» አሉ እትዬ ዘይነብ። «ቤቱ በወዲያ ነው፤ ዞሮ መጥቶ ነው የሚወስደኝ ይለኛል። የሚያጠናበትን ጠዋት እኔ በላሁበት ይላል። ይቺ ማኅሌትም የገባትን አልገባኝም ስትል ጊዜዋ አለቀ ይላል። የሰሌዳውንም ነግሮኛል። አንድ ባንድ ነው የሚነግረኝ፤ ማታ ማታ ስለ እናንተ ነበር ወሬያችን። መንገዱን ከለመድሁት ልጆቹ ይገላገላሉ፣ ፈተናቸውን ያጥኑ አለኝ። እንቢ ብዬ በር ላይ ቆምሁበት። ልሂድ ዘይነብ አለኝ። ምን ላድርግ? ለቀቅሁት።»

ማኅሌት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሀብታሙ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። እኔ አሁንም ደርቄያለሁ። የሰማሁት ሁሉ ገብቶኛል፤ ግን ከሩቅ ነበር፤ የሌላ ሰው ወሬ እንደማዳምጥ።

እትዬ ዘይነብ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «እኔን ደግሞ የሚነግረኝ ያጣሁት አንድ ነገር አለ» አሉ። «የጠሩኝ ሆስፒታል ነው። ቦይ ውስጥ ወደቀ አሉኝ እንጂ የት እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔም መጠየቁን ፈራሁት። እዚሁ ሰፈር ያለው ቦይ ነው አይደል? ገና ከቤት እንደወጣ?»

«አይደለም እትዬ» አለ ሀብታሙ። «ትምህርት ቤቱ ጋ ነው።»

«የቱ ጋ?»

«በሩ ፊት ለፊት። ዘበኛው ናቸው ያወጧቸው።»

«ገበያውን አልፎ?»

«አዎ።»

«አስፋልቱንም ተሻግሮ?»

«ሁለቱንም ተሻግረው ነበር።»

እትዬ ዘይነብ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ሀብታሙን ትክ ብለው አዩት።

«ደርሶ ነበር በለኛ» አሉ።

«አዎ እትዬ፣ ደርሰው ነበር» ያልኋቸው እኔ ነኝ፤ ተናግሬ ሳልጨርስ አለቀስሁ።